የእግር ማቃጠልና ከባሕር ማዶ የመጣው ብልቃጥ፦ ስለ አንቲኦክሲደንት እንክብሎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ 1000 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ፣ ለጨጓራዋ ደግሞ ኦሜፕራዞል ትወስዳለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለቱም እግሮቿ ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥሏታል፤ ቀን ደግሞ ይደነዝዟታል። እሷ ብርድ ነው ትላለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ አልፋ ሊፖይክ አሲድ 600 ሚሊ ግራም፣ ቫይታሚን ኢ 400 ዩኒት እና ቫይታሚን ሲ 1000 ሚሊ ግራም ልኮልናል። አንቲኦክሲደንት ስለሆኑ ነርቭ ያድሳሉ ብሏል። ትጀምር? እንዴት ትውሰድ? የዓመት የሚሆን ልላክ ወይ ብሎም ጠይቆናል። እናቴ አጽዋማትን ሁሉ ትጾማለች፤ በጾም ዓሣም አትነካም።»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ፤ በሕክምና ሥራዬም ዘወትር ተቀላቅለው ስለሚቀርቡልኝ አስቀድሜ ልለያቸው። አንደኛው እንክብሉ የእናትዎን የሌሊት ማቃጠል ያስታግሳል ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው የተጎዳውን ነርቭ ያድሳል ወይ የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አልፋ ሊፖይክ አሲድ ለአንዳንድ ሰው፣ በመጠኑና ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል የሚል ነው። ለሁለተኛው ግን በሰዎች ላይ በተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች ነርቭ ሲታደስ አልታየም። ከሁለቱም በፊት የሚቀድም ሌላ ነገር አለ፤ የእናትዎን መድኃኒቶችና የጾም ልማዳቸውን አብሬ ሳነብ የመጣልኝ ሐሳብ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ይህ ሳይመረመር ብልቃጡ ቢከፈት፣ ሊድን የሚችል ጉዳት በማስታገሻ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል።

እናትዎ «ብርድ ነው» ማለታቸው አያስገርምም፤ በአካባቢያችን እግር የሚያቃጥለው፣ የሚነዝረውና የሚወጋጋው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ብርድን ወይም ሪህን ነው። ይሁንና ብርድ ቢሆን ኖሮ በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ፋታ በሰጠ ነበር። የስኳር ሕመም የነርቭ ጉዳት መለያው ከሁለቱም እግሮች ጫፍ እኩል መጀመሩና ሌሊት ማየሉ ነው። ከእግር ጣት የሚጀምረውም ከወገብ ተነሥቶ እስከዚያ የሚወርደው ነርቭ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙ ስለሆነና ረጅም ነርቭ ለመጎዳት ቅርብ ስለሆነ ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ መረዳት የአንቲኦክሲደንቱን ተስፋም ሆነ ገደቡን ለማየት ይረዳል። ጡንቻና ስብ ስኳርን ወደ ውስጥ የሚያስገቡት በአብዛኛው ኢንሱሊን ሲፈቅድላቸው ነው፤ የነርቭ ሕዋስ ግን እንዲህ ዓይነት በር ስለሌለው፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲጨምር በእርሱም ውስጥ ይጨምራል። በሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚመረትባቸው ማይቶኮንድሪያ የተባሉት ክፍሎች ከአቅማቸው በላይ ነዳጅ ሲቀርብላቸው፣ ማገዶ የታጨቀበት ምድጃ ከሙቀቱ ይልቅ ጭሱ እንደሚበዛ ሁሉ፣ ሱፐርኦክሳይድን የመሳሰሉ ጎጂ ተረፈ ምርቶችን ያመነጫሉ። እነዚህ ተረፈ ምርቶች የነርቩን ሽፋንና ውስጡን ይጎዳሉ፤ ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ያጠብባሉ። አንቲኦክሲደንት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች እነዚህን ተረፈ ምርቶች የሚያከሽፉ ናቸው። ስለዚህ ወንድምዎ የሰሙት ነገር ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም፤ በላቦራቶሪ አይጦች ላይም ጥሩ ውጤት ታይቷል። ችግሩ ጭሱን መቀነስ ማገዶውን ከመቀነስ ጋር አንድ አለመሆኑ ነው፤ ለዓመታት የተቃጠለውንም መልሶ አይተካም።

አሁን ወደ አልፋ ሊፖይክ አሲድ ልምጣ። ይህ ንጥረ ነገር የውጭ ጉድ አይደለም፤ የእርስዎም የእኔም ሕዋሳት ለራሳቸው ሥራ በጥቂቱ ያመርቱታል። እ.ኤ.አ. በ1951 ለመጀመሪያ ጊዜ በንጹሕ መልኩ ሲወጣ 30 ሚሊ ግራም ብቻ ለማግኘት ወደ 10 ቶን የሚጠጋ የጉበት ቅሪት አስፈልጎ ነበር። ይህን የማነሣው ለወሬ ያህል አይደለም፤ በወንድምዎ ብልቃጥ ውስጥ ያለው አንዱ እንክብል የዚያን ሃያ እጥፍ ይይዛል። ማንም ሰው ከምግብ ሊያገኘው የማይችለው መጠን ስለሆነ እንደ «ምግብ ማሟያ» ሳይሆን እንደ መድኃኒት ሊታይ ይገባዋል። በጀርመን ለዚሁ ለስኳር ሕመም የነርቭ ጉዳት በመድኃኒትነት ሲታዘዝ የቆየ ነው።

ማስረጃው በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ተስፋ የሚሰጥ ሲሆን ሌላው ያንን ተስፋ የሚገታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን 328 ሰዎች ይዞ ለሦስት ሳምንት መድኃኒቱን በደም ሥር ሰጥቷቸዋል፤ በቀን 600 ሚሊ ግራም የወሰዱት ማቃጠላቸውና ሕመማቸው ለማነጻጸሪያ ባዶ መድኃኒት፣ ማለትም ምንም የሚሠራ ንጥረ ነገር የሌለበት፣ ከተሰጣቸው ይበልጥ ቀንሷል፤ መጠኑን ወደ 1200 ማሳደግ ግን ከጥቅሙ ይልቅ ማቅለሽለሹንና ማስታወኩን ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሌላ ጥናት ለእናትዎ ሁኔታ ይበልጥ ይቀርባል፤ ምክንያቱም በደም ሥር ሳይሆን በአፍ የሚዋጥ ነበር። በ181 ሰዎች ላይ ለአምስት ሳምንት በተደረገው በዚህ ጥናት 600፣ 1200 እና 1800 ሚሊ ግራም ተነጻጽረው፣ የምልክቶቹ ድምር በሦስቱም ቡድኖች ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። እዚህ ላይ ብዙ ማስታወቂያ የሚዘለውን ቁጥር ልጨምር፦ ምንም መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል የዋጡትም ምልክታቸው በ32 በመቶ ቀንሷል። ማለትም ሰዎቹ ካዩት መሻሻል ትልቁ ድርሻ ሕመሙ በራሱ ከፍና ዝቅ ከማለቱ፣ ከክትትሉና ከተስፋው የመጣ ነው፤ የእንክብሉ ድርሻ ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ ነው። «እኔን ፈወሰኝ» የሚል ጎረቤት ሲያጋጥምዎ ይህን ቁጥር ያስታውሱ፤ ጎረቤቱ አልዋሹም፤ ምክንያቱን ግን በትክክል ላያውቁት ይችላሉ።

ተስፋውን የሚገቱት ረዘም ያሉት ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና 460 ሰዎችን ለአራት ዓመት የተከታተለው ጥናት በቀን 600 ሚሊ ግራም ሰጥቶ፣ የነርቭ ምርመራና የአካል ምርመራ በአንድነት በሚመዘኑበት በዋናው መለኪያው ከባዶው መድኃኒት የተለየ ውጤት አላገኘም፤ በአካል ምርመራው ብቻ መጠነኛ ልዩነት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም ግምገማ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩ ጥናቶችን ብቻ መርጦ በ816 ሰዎች ላይ የተገኘውን ውጤት ሲያጣምር፣ ከስድስት ወር በኋላ በምልክቶች ላይ ያለው ለውጥ እጅግ ትንሽ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ሳይሆን እንደማይቀር ደምድሟል። እኔ ሁለቱን ወገኖች አስታርቄ የማነበው እንዲህ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ መጠነኛ እፎይታ ሊኖር ይችላል፤ በዓመታት ውስጥ ነርቭን የሚያድን ነገር ግን አልተገኘም። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ መሞከሩን አልቃወምም፤ ዓመት ሙሉ በዝምታ መዋጡን ግን አልደግፍም።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ልሂድ። ሜትፎርሚን ለዓይነት ሁለት ስኳር የሚሰጥ ጥሩና ርካሽ መድኃኒት ነው፤ እናትዎ እንዲያቋርጡት አልመክርም። ይሁን እንጂ በአንጀት መጨረሻ አካባቢ ቢ12 ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። በኔዘርላንድስ 390 ሰዎችን ከአራት ዓመት በላይ የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ሜትፎርሚን የወሰዱት ሰዎች የቢ12 መጠን በ19 በመቶ እንደወረደና ይህም ጊዜው በረዘመ ቁጥር እየባሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የእጥረቱ ምልክት ያለበት ማንኛውም ሜትፎርሚን ተጠቃሚ እንዲመረመር መክሯል። መጠኑ ከፍ ሲልና ዓመቱ ሲረዝም ሥጋቱ ያድጋል፤ እናትዎ በቀን 2000 ሚሊ ግራም እየወሰዱ ከሆነና ይህ ለዓመታት የቀጠለ ከሆነ በሁለቱም በኩል ከተጋላጮቹ መካከል ናቸው።

በዚህ ላይ ኦሜፕራዞል አለ። ቢ12 በምግብ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ የሚለቀቀው በጨጓራ አሲድ ነው፤ ኦሜፕራዞል ሥራው ያንን አሲድ መቀነስ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ጾሙ ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ፣ ማለትም በሥጋ፣ በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ውስጥ ነው። አንድ ምእመን ግዴታ የሆኑትን አጽዋማት በሙሉ ሲጾም በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ከእነዚህ ይከለከላል፤ የሽሮና የምስር ወጥ ለስኳር ሕመምተኛ ብዙ በጎ ነገር ቢኖራቸውም ቢ12 አይሰጡም፤ የጤፍ እንጀራም ቢሆን ስለቦካ ብቻ የሚያስተማምን ምንጭ አይደለም። ጣና በራችን ላይ ሆኖ ቀረሶና አምባዛ እያቀረበልን፣ ጾሙን አጥብቀው ለሚይዙት ለእናትዎ ግን ይህም ምንጭ ለግማሽ ዓመት ያህል ይዘጋል። ጤናማ ጉበት የቢ12 ክምችቱ ለዓመታት ስለሚበቃ ጾም ብቻውን ብዙ ሰው አይጎዳም፤ ጾሙ፣ ሜትፎርሚኑና ኦሜፕራዞሉ በአንድ ሰው ላይ ለዓመታት ሲገናኙ ግን ነገሩ ይለወጣል።

አደገኛው ነገር የቢ12 እጥረት የሚያመጣው መደንዘዝ ስኳር ከሚያመጣው መደንዘዝ በመልክ ብዙም አለመለየቱ ነው። ሐኪሙም ታማሚውም «ስኳሩ ነው» ብለው ሲያልፉት፣ እጥረቱ ከእግር አልፎ ወደ አከርካሪ ገመድ ሊደርስና ሚዛን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል፤ ከዘገየም ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። የደም ማነስ አለመኖሩም ዋስትና አይደለም፤ ሄሞግሎቢኑ ደህና ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ፎሊክ አሲድ የሚወስድ ሰው ደሙ ተስተካክሎ ሲታይ የነርቩ ጉዳት ከሥር ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የማዘው በደም ውስጥ ያለውን የቢ12 መጠን ማስለካት ነው። ውጤቱ በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮ ግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው፤ ከ200 እስከ 300 ባለው መካከል ከሆነና እንደ እናትዎ ያለ ምልክት ካለ እኔ እንደ እጥረት ቆጥሬ ማከምን እመርጣለሁ። ምርመራው ከኩላሊትና ከታይሮይድ ምርመራ፣ እንዲሁም ከሦስት ወር የስኳር አማካይ ከሚያሳየው ኤ ዋን ሲ ጋር በአንድ ቀን ደም ሊሠራ ይችላል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ክትትል ካላቸው ለሐኪማቸው «ቢ12 ተለክቶላቸው ያውቃል ወይ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐኪሙን መዳፈር አይደለም።

እጥረቱ ከተገኘ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ምልክቱ ከበረታ መርፌ፣ ካልበረታ ደግሞ በቀን 1000 ማይክሮ ግራም የሚዋጥ ቢ12 ይሰጣል። የሚዋጠው መጠን ይህን ያህል ከፍ ያለው፣ የመምጠጡ መደበኛ መንገድ ሲታወክም ከመቶ አንዱ ያህል በራሱ ጊዜ ሰርጎ ወደ ደም ስለሚገባ ነው። ለእናትዎ ኅሊና የሚጠቅም ነገርም ልንገርዎ፤ በእንክብል ያለው ቢ12 የሚመረተው በባክቴሪያ ተብላልቶ እንጂ ከሥጋ ተወስዶ አይደለም። በአንጻሩ የአልፋ ሊፖይክ አሲዱ እንክብል ለስላሳ ወይም ሁለት ቁራጭ ቅርፊት ያለው ከሆነ ቅርፊቱ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚሠራ ጀላቲን የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ጾሙን አጥብቀው የሚይዙ ሰው ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ይመረጣል። ይህን የነገርኳቸው አንዲት እናት በቁጣ «እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረኝም» ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው።

በከተማችን ፋርማሲዎች ለእግር መደንዘዝ ሲባል በብዛት የሚሸጡትን የቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ቅልቅሎች በተመለከተም አንድ ጥንቃቄ አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በአንድ እንክብል 200 ሚሊ ግራም ቢ6 ይይዛሉ። ቢ6 ከሌሎቹ የቢ ቫይታሚኖች በተለየ ሁኔታ ሲበዛና ሲረዝም ራሱ የነርቭ ጉዳት ያመጣል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 የቀኑን ጣሪያ ወደ 12 ሚሊ ግራም ዝቅ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። መደንዘዝን ለማከም የሚዋጥ ነገር ለወራት ሲቀጥል መደንዘዝን ሲያመጣ ማየት ከሙያዬ አሳዛኝ ቀልዶች አንዱ ነው። የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ለሚወስዱ የሚሰጠው ጥቂት ቢ6 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ መቋረጥ የለበትም።

ወደ ቀሩት ሁለት ብልቃጦች ስመለስ መልሴ አጭር ነው፤ አይጀመሩ። ቫይታሚን ኢ 400 ዩኒት ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ በሆኑ የደም ሥር ሕመም ወይም ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሰባት ዓመት ያህል ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት ልብ ጠብቆ አልተገኘም፤ እንዲያውም የልብ ድካምን በ13 በመቶ ጨምሯል። እናትዎ በዕድሜም በሕመምም ልክ እንደ ተሳታፊዎቹ ናቸው። ቶኮትሪኖል የተባለው የቫይታሚን ኢ ዓይነት ደግሞ ለዚሁ ለነርቭ ጉዳት በ300 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተሰጥቶ ምልክቱን ከባዶው መድኃኒት የተሻለ አላደረገም። ቫይታሚን ሲ በብዛት ሲወሰድ ለኩላሊት ጠጠር ሊያጋልጥ ይችላል፤ በአንዳንድ የስኳር መለኪያ መሣሪያዎች ላይም ንባቡን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ የሚችለውን ግሊቤንክላማይድን ለሚወስዱ ሰው የወረደ ስኳር ያልወረደ መስሎ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሎሚና ብርቱካን በልኩ መብላት ይበቃቸዋል። ጠያቂዎቼ ሁልጊዜ ስለ ሽፈራው፣ ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ እርድ ይጨምራሉ፤ በምግብ ውስጥ ባለው መጠን አልከለክልም፤ ተፈጭቶ በማንኪያ ሲዋጥ ግን ስኳር የሚያወርድ ጠባይ ሊኖረው ስለሚችል ለሐኪም ሳይነገር መደረግ የለበትም። የዘጌን ቡና በተመለከተ፣ ያለ ስኳር እስከተጠጣ ድረስ ጠብ የለኝም።

ቢ12ቱ ተለክቶ፣ እጥረት ካለ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ማቃጠሉ ካልቆመና እናትዎ አልፋ ሊፖይክ አሲዱን ለመሞከር ከፈለጉ፣ አወሳሰዱ እንዲህ ይሁን። በቀን አንድ ጊዜ 600 ሚሊ ግራም በቂ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ከዚያ ማብዛት ጥቅም ሳይጨምር ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና ራስ ማዞር ያበዛል። ምግብ ወደ ደም መግባቱን ስለሚቀንስ ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ይወሰዳል፤ በጾም ቀን ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆድ ሳይሆን ከቀኑ የመጀመሪያ ማዕድ በፊት ይሁን። ከመጀመራቸው ከአንድ ሳምንት አስቀድሞ በደብተር ላይ አራት ነገሮችን ማታ ማታ ይመዝግቡላቸው፤ ውጋቱን፣ ማቃጠሉን፣ መነዘሩንና መደንዘዙን እያንዳንዳቸውን ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ እየሰጡ ይጻፉ። ጥናቶቹ ምልክትን የመዘኑት በእነዚሁ በአራቱ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ። ለውጡ ግልጽ ከሆነ እስከ ሦስት ወር ቀጥለው ያቁሙና ምልክቱ ይመለስ እንደሆነ ይዩ፤ ለውጥ ከሌለ ያኔውኑ ይተውት። ሕመሙ በራሱ ስለሚዋዥቅ ያለ ደብተር የሚደረግ ሙከራ ምንም አይነግረንም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አልፋ ሊፖይክ አሲድ ስኳርን በጥቂቱ ሊያወርድ ይችላል፤ አልፎ አልፎም፣ በዘር በተጋለጡ ሰዎች ላይ፣ ሰውነት በራሱ ኢንሱሊን ላይ ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት አድርጎ ብርቱ የስኳር መውረድ ያስከተለበት ሁኔታ ተመዝግቧል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ብቻውንም ስኳር ከልክ በታች የሚያወርድ መድኃኒት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰው ግሊቤንክላማይዱን ጠዋት ውጠው መጾማቸው፣ አንቲኦክሲደንቱ ባይኖርም እንኳ፣ አስቸኳይ ምክክር የሚፈልግ ነገር ነው፤ ሐኪማቸው የመድኃኒቱን ሰዓት ወይም ዓይነቱን እንዲለውጡላቸው የሚቀጥለው ጾም ሳይገባ ይንገሩ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከታየ ስኳር ያለበት መጠጥ ይሰጣቸው፤ በጾም ሰዓትም ቢሆን።

ማቃጠሉ እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ከብልቃጡ ይልቅ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው መድኃኒቶች አሉ፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሴቲን፣ ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን። እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታንያ የታተመ ጥናት በ130 ሰዎች ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሲያነጻጽር በሕመም ማስታገስ ረገድ እኩል ሆነው አግኝቷቸዋል። ከሦስቱ ርካሹና በቀላሉ የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን በማታ በትንሽ መጠን፣ ማለትም በ10 ወይም በ12.5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። የልብ ምት መዛባት፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም ሽንት የመከልከል ችግር ላለበት ሰው ግን አይመችም፤ አፍ ያደርቃል፤ ጠዋትም ሊያዞር ስለሚችል ሌሊት ለሽንት ሲነሡ እንዳይወድቁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ማገዶውን፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር፣ ስለመቀነስም መናገር ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመውና 1441 ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ባካተተው ታላቅ ጥናት ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ ቀንሷል። በዓይነት ሁለት ጥቅሙ እንዲህ የጎላ አይደለም፤ ቢሆንም እንዳይባባስ የሚከላከል ከእርሱ የሚበልጥ ነገር የለንም። ብቻ በጥድፊያ አይሁን፤ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በኃይል ሲወርድ የነርቭ ሕመሙ በድንገት የሚብስበት አጋጣሚ አለ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ማቃጠሉን ሳይሆን መደንዘዙን ነው። የሚያቃጥል እግር ይጮኻል፤ የደነዘዘ እግር ዝም ይላል። ሞቅ ባለ ጨዋማ ውሃ መዘፍዘፍ ለብርድ ይበጃል ብለው ሁለት እግራቸውን የቀቀሉ አንድ የጀልባ ሠራተኛ አክሜ አውቃለሁ፤ ቆዳቸው ተልጦ እስኪያዩት ድረስ ምንም አልተሰማቸውም ነበር። ስለዚህ እናትዎ እግራቸውን የሚታጠቡበትን ውሃ እርስዎ በክርንዎ ይለኩላቸው፤ የከሰል ምድጃ አጠገብ እግር ማሞቅም ይቅር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቃቸው አይቀርምና ወፈር ያለ ነጭ ካልሲ ያድርጉ፤ ብዙ ምእመናን እንዲሁ ሲገቡ አያለሁ። በተለይ በጀልባ ተሻግረው ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም ከሄዱ፣ ድንጋያማውን ዳገት በነጠላ ጫማ እንዳይወጡት፤ ጣት የሚሸፍን ጫማ ይልበሱ፤ ጫማውንም ከማጥለቃቸው በፊት ጠጠር እንዳይኖር በእጅ ይዳሰስ። ማታ ማታ እግራቸውን ከታችም በጣቶቻቸው መካከልም እርስዎ ይዩላቸው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ በቫዝሊን ይለስልስ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ። በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሙ በቀጭን የናይሎን ክርና በሚርገበገብ ሹካ (ንዝረት ይሰማ እንደሆነ በሚፈትሽ የብረት መሣሪያ) እግራቸውን እንዲፈትሽ ይጠይቁ፤ የማቃጠል ነጥብ ከደብተር ላይ ይወርድ ይሆናል፤ ስሜቱ መመለስ አለመመለሱን የሚነግረን ግን ይህ ፍተሻ ነው።

ድካም ወይም መደንዘዝ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ፣ እግር ከመደንዘዝ ይልቅ ግትር ካለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ቁስል ከታየ ይህ ሁሉ ምክር ቀርቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። በፎገራና በደምቢያ ጓያ አብዝተው የሚመገቡ ሰዎች ላይ የሚታየው የእግር መገተር፣ ለምሳሌ፣ ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም መንገዱ ሌላ ነው።

ለወንድምዎ የዓመቱን ብልቃጥ እንዳይልኩ ይንገሯቸው፤ ያለው ለአምስቱ ሳምንት ሙከራ ይበቃል። መላካቸው ካልቀረ ግን ባለ 1000 ማይክሮ ግራም ቢ12 ጀላቲን ያልገባበት፣ ስፌቱ የማይቆረቁር ወፍራም ካልሲ፣ እንዲሁም ለስኳር መለኪያዎ የሚስማማ መመርመሪያ ስትሪፕ ቢሆን እመርጣለሁ። የስትሪፑን ዓይነት ከመሣሪያው ጀርባ አንብበው ይጻፉላቸው፤ የማይገጥም ስትሪፕ ተልኮ ሲባክን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።